ከቢከሩ እስከ ታካሚው አልጋ፦ በቅጠል የሚሠራው የብር ናኖ ቅንጣት ለጎንደር ምን ይፈይዳል?

ጎንደር ውስጥ ዳማከሴ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብዙ ግቢ ውስጥ አጥር ሥር ይበቅላል፤ ግቢ የሌለው ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ በእስር ይገዛል። ቤት ውስጥ ምች የመታው ሰው ካለ እናት ቅጠሉን በመዳፏ ታሻለች፤ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ታጠጣዋለች፤ የቀረውን ግንባሩንና አፍንጫውን ትቀባዋለች። ሽታው እስከ ማታ ከእጇ አይለቅም።

እንዲህ ያለው የቅጠል ጭማቂ ዛሬ ሌላ ቦታም ይፈለጋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪና የባዮቴክኖሎጂ ክፍሎች ለመመረቂያ ከሚሠሩት ጥናቶች መካከል በተክል ጭማቂ የብር፣ የዚንክ ወይም የመዳብ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) መሥራት ደጋግሞ የሚመጣ ርእስ ሆኗል። ግራዋ፣ ኮሶ፣ ጤና አዳም፣ ብሳና፣ ሬት፣ ሽፈራው፦ አያቶቻችን ያውቁት የነበረ ቅጠል ሁሉ ተራ በተራ ቢከር ወደሚባለው የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ይገባል።

ሥራውን አንዴ በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ቅጠሉ ይታጠባል፣ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ በተጣራ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ተፍልቶ በማጣሪያ ወረቀት ይጠለላል። የሚወጣው ጭማቂ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። በሌላ ቢከር ሲልቨር ናይትሬት የሚባለው የብር ጨው ሟሙቶ ተቀምጧል፤ እሱ ቀለም የለውም፤ ውሃ ነው የሚመስለው። ውሃው ከቧንቧ የተቀዳ ከሆነ ግን ገና ከመነሻው ይደፈርሳል፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብሩን ይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ከሻይ መሳዩ ጭማቂ ጥቂቱ ወደ ብሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚታይ ነገር የለም። ቆይቶ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ የብርዝ መልክ ይይዛል፤ ሰዓት ሲሞላው ጉሽ ጠላ የመሰለ ቡናማ ሆኖ ያርፋል። ጓንት ሳያጠልቅ የነካ ተማሪ በማግስቱ ጣቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞ ይመጣል። በሳሙና አይለቅም፤ ቆዳው እስኪታደስ ድረስ አብሮት ይሰነብታል።

ያ ቡናማ ቀለም የናኖ ቅንጣት መፈጠር የመጀመሪያ ምልክት ነው። ለማግኘቱም አይከብድም፤ ፌኖል የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛበት ቅጠል ሁሉ ማለት ይቻላል ይሰጠዋል። እኔ የምለው ይህ ነው፦ ቡናማው ውሃ መድኃኒት አይደለም። ከቢከሩ እስከ ታካሚው አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ጉልበታችን ግን ቢከሩ ጋ እያለቀ ነው። ይህ የሚያሳዝነኝ ጎንደር ያንን ረጅም መንገድ ለመሄድ የሚያበቃ ሐኪም ቤት፣ ታማሚና የምርምር ልምድ ያላት ከተማ ስለሆነች ነው።

አንድ ጠገራ ብር ቢደቅ

አንድ ሚሊ ሜትርን ሚሊዮን ቦታ ብንከፋፍለው አንዷ ቁራሽ አንድ ናኖ ሜትር ናት። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይደርሳል። ናኖ ቅንጣት የምንለው ስፋቱ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሆነውን ነው።

ማነስ ብቻውን ምን ለውጥ ያመጣል? አያቶቻችን የተገበያዩበትን ጠገራ ብር እናስብ። ማርትሬዛ ክብደቷ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹህ ብር ነው። ሳንቲሟን ፊቷንም ጀርባዋንም ጠርዟንም ብንለካ ከ30 ካሬ ሴንቲ ሜትር አትዘልም። ያንኑ ብር 20 ናኖ ሜትር ስፋት ወዳላቸው ድቡልቡል ቅንጣቶች ብንለውጠው ግን ሒሳቡ ወደ 670 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጠናል። አራት የመረብ ኳስ ሜዳ ማለት ነው። ብሩ አልጨመረም፤ ከውጭው ዓለም ጋር የሚነካካበት ገጽ ግን ከ200 ሺህ ጊዜ በላይ ሰፋ። ኬሚስትሪ ደግሞ ገጽ ላይ ነው የሚካሄደው።

ቀለሙም ከዚሁ ይመጣል። በእነዚህ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች ገጽ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲመታቸው በአንድነት ይወዛወዛሉ፤ ሲወዛወዙም የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 450 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን ወይን ጠጅና ሰማያዊ ብርሃን ይውጣሉ። ለዓይናችን የሚቀረው ቢጫና ቡናማው ነው። ወርቅ ከሆነ ደግሞ 520 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ ውሃው እንደ ቀይ ወይን ይቀላል። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 የወርቅን ቀይ ውሃ መርምሮ ቀለሙ ከደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች የሚመጣ መሆኑን አስረድቶ ነበር፤ እነዚያን ቅንጣቶች የሚያሳይ መሣሪያ በዘመኑ አልነበረም። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የሚገኘው የብርሃን መለኪያ ያንን ሞገድ በደቂቃ ይነግረናል። ይህ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ ርካሽ መሆኑ ነው። መጥፎነቱ ብዙ ሰው ሞገዱን ካየ በኋላ ሥራው ያለቀ ስለሚመስለው ነው። የቅንጣቱን ትክክለኛ ስፋትና ቅርጽ ለማወቅ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በየደጃችን የለም። ተማሪ ናሙናውን ወደ ሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ወደ ውጭ አገር ልኮ ወራት ይጠብቃል።

ቅጠሉ ምን ይሠራል?

ሁለት ነገር ይሠራል። በውሃ ውስጥ የሟሟው ብር አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው አዮን ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች፣ ፍላቮኖይዶችና ታኒኖች የጎደለውን ኤሌክትሮን ይሰጡትና ወደ ብርነቱ ይመልሱታል። ታኒን እንግዳ ነገር አይደለም፤ የወፈረ ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀው፣ ቆዳ ፋቂዎችም ቆዳ የሚያለፉበት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በእኔ እይታ ግን የሚበልጠው እሱ ነው። የብር አቶሞች እርስ በርስ መጣበቅ ይወዳሉ፤ ከተዋቸው እየገዘፉ ሄደው ታች ይዘቅጣሉ። ድቡልቡል ሊጥ ዱቄት ካልተነሰነሰበት ተመልሶ አንድ እንደሚሆን ማለት ነው። ከቅጠሉ የመጡት ንጥረ ነገሮች ቅንጣቷን እንደዚያ ዱቄት ሸፍነው ይይዟታል። እንግዲህ ከዳማከሴ የተሠራው የብር ቅንጣትና ከግራዋ የተሠራው ውስጣቸው አንድ ቢሆንም ሽፋናቸው ይለያያል። ባክቴሪያውም የሰው ሴልም መጀመሪያ የሚያገኙት ሽፋኑን ነው። የቅጠሉ ማንነት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

በተለመደው የኬሚካል መንገድ ኤሌክትሮን ሰጪው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ወይም ሃይድራዚን ሊሆን ይችላል። ሃይድራዚን ለሮኬት ነዳጅነት የሚውል መርዝ ነው። ቅጠል እነዚህን ስለሚተካ መንገዱ "አረንጓዴ" ተባለ። ስሙ ግን ሙሉ በሙሉ አይገባውም። ሲልቨር ናይትሬቱ አሁንም የፋብሪካ ኬሚካል ነው፤ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ቆዳ ያቃጥላል፤ ትራፊው ወደ ወንዝ ከተደፋ ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት መርዝ ነው። በቅጠል የጀመርነው ሥራ ትራፊ ብሩን በአግባቡ ሰብስቦ ካልጨረሰ ለአንገረብ ወንዝ አረንጓዴነቱ ምኑ ላይ ነው?

መንገዱ በሰፊው የታወቀው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። በሕንድ ፑኔ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የኬሚካል ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በጌራኒየም ቅጠል ብርን፣ በ2004 ደግሞ እኛም በቆላው አገር በምናውቀው በኒም ቅጠል ብርንና ወርቅን ወደ ናኖ ቅንጣት ለወጡ። ከዚያ በኋላ ዓለም በሙሉ ቅጠል ማፍላት ጀመረ። የእኛም ተመራማሪዎች ወደ ኋላ አላሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኮሰረት ቅጠል ስለተሠራ የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣትና በኮሶ ቅጠል ስለተሠራ የመዳብ ቅንጣት በዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳትመዋል። ቅቤ የምናነጥርበት ኮሰረት ባክቴሪያን በሚመለከት የሳይንስ መጽሔት ላይ መውጣቱ ደስ ያሰኛል። ዚንክና መዳብ ከብር ስለሚረክሱም ለእኛ አቅም ይቀርባሉ።

ብር ባክቴሪያን የሚገድለው እንዴት ነው?

የብር መስቀልና ድሪ ሲውል ሲያድር ይጠቁራል። የሚጠቁረው አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ስለሚጣመር ነው፤ ብር ድኝን አጥብቆ ይወዳል። የባክቴሪያ ፕሮቲኖችም ድኝ አላቸው። ከቅንጣቷ እየሟሟ የሚወጣው የብር አዮን እዚያ ድኝ ላይ ሲጣበቅ ፕሮቲኑ ሥራውን ያቆማል፤ የሴሉ ሽፋን ይሸነቆራል፤ ውስጡም ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶች ይበዙበታል። ጌጣችንን የሚያጠቁረውና ባክቴሪያውን የሚያፍነው አንድ ጠባይ ነው።

ሕክምና ይህን ያወቀው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ክሬዴ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ ብዙዎችን ከዓይነ ስውርነት አድኗል። ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የተባለው የቃጠሎ ቅባት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በዓለም ሆስፒታሎች ሁሉ ተሰራጭቷል። ሆኖም ቅባቱን ከሌሎች የቁስል መሸፈኛዎች ጋር ያወዳደሩ ግምገማዎች ቁስሉን ቶሎ እንደማያድን፣ እንዲያውም እንደሚያዘገየው አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብር ባክቴሪያውን ሲያፍን ቁስሉን የሚሞላውን የሰው ሴልም ይነካል። በነገራችን ላይ ከነዚያው ግምገማዎች መካከል መለስተኛ ቃጠሎ ላይ ማር ከተለመዱት መሸፈኛዎች ቀድሞ እንደሚያድን ያሳዩ አሉ። ይህ ለእኛ አገር ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ ግን አጣዳፊ ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንደገደሉ ተገምቷል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለች ነርስ ይህን በቁጥር አይደለም የምታውቀው፤ ሦስተኛው አንቲባዮቲክ ተለውጦም ፋሻው ሲነሳ በሚወጣው ሽታ ነው። ለዚህ ነው ብር ላይ የተጣለው ተስፋ የገባኝ። ነገር ግን ብርንም ባክቴሪያ ይለምደዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሲልቨር ናይትሬትን የተቋቋመ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቶ ሰው ሞቶበታል። "ብርን የሚለምድ ተህዋስ የለም" የሚል ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ይህን ያስታውስ።

ፔትሪ ዲሹ የማይናገረው

የአብዛኛው ጥናት ማጠቃለያ አንድ ፎቶ ነው፦ ባክቴሪያ የተዘራበት ክብ ሳህን፣ መሐሉ ላይ ጉድጓዶች፣ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት። ቀለበቱ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ 14፣ 16፣ 18 ተብሎ ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል።

ይህ ቀለበት ምን ይነግረናል? ሳህኑ ላይ ያሉት ሌሎች ጉድጓዶች ምን እንደያዙ ካላወቅን ምንም። ቢያንስ አራት ጎረቤት ያስፈልገዋል፦ የቅጠሉ ጭማቂ ብቻውን፣ ሲልቨር ናይትሬት ብቻውን፣ የታወቀ አንቲባዮቲክ፣ ባዶ ውሃ። ሲልቨር ናይትሬት ብቻውን ያንኑ ቀለበት ካወጣ ናኖነቱም ቅጠሉም ምን እንደጨመሩ አናውቅም። ቅንጣቱ በደንብ ካልታጠበም ወደ ብርነት ሳይለወጥ የቀረው አዮን ውጤቱን የራሱ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ያለ እነዚህ ማወዳደሪያዎች የታተሙ ጽሑፎች አንብቤያለሁ። ጸሐፊዎቹን ስንፍና አላሰናከላቸውም፤ ብዙውን ጊዜ ኬሚካሉ አልቆ፣ ጊዜው አጥሮ፣ መመረቂያው ደርሶ ነው። ለታማሚው ግን ምክንያቱ ልዩነት አያመጣም።

ከሳህኑ ወደ ሰው አካል ስንሻገር ደግሞ ዓለሙ ይለወጣል። ደማችንም ላባችንም ጨው አለበት። ያ የቧንቧ ውሃ በቢከሩ ውስጥ ያደረገውን ነጭ ዝቃጭ እናስታውስ፤ ከቅንጣቷ የሚወጣው የብር አዮን ሰውነት ውስጥ ሲገባም የጨው አካል የሆነው ክሎራይድ ይጠብቀዋል። የደም ፕሮቲኖች ቅንጣቷን ወዲያው ይሸፍኗታል፤ በድካም ያገኘነው የቅጠል ሽፋን ሌላ ካባ ይደረብበታል። በደም ሥር የገባ ቅንጣት ከሁሉ በላይ የሚከማቸው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ባክቴሪያን ገደለ ወይ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው መጠን የሰውን ሴል ከሚጎዳው መጠን ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። ስለ ካንሰር የሚጻፈውም ያው ነው። ሳህን ላይ ያለን የካንሰር ሴል የሚገድል ነገር ብዙ ነው፤ ጤነኛውን ሴል ትቶ እሱን ብቻ የሚገድል ነው የጠፋው።

የብረታ ብረት ናኖ ቅንጣት ሐኪም ቤት ደርሶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ፌሩሞክሲቶል የተባለው የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት የኩላሊት ሕመምተኞችን የደም ማነስ ለማከም እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። የሃፍኒየም ኦክሳይድ ቅንጣትም የጨረር ሕክምናን ለማጠንከር በ2019 የአውሮፓን ፈቃድ አግኝቷል። ሁለቱም ግን በቅጠል ጭማቂ የተሠሩ አይደሉም። በጠብታው፣ በስፋቱ፣ በክብደቱ አንዱ ከአንዱ የማይለይ ምርት ደጋግመው ማውጣት የቻሉ ፋብሪካዎች ናቸው ያወጧቸው።

የእኛ ፈተና ይኸው ነው። በክረምት የተቆረጠ ዳማከሴና በበጋ የተቆረጠው አንድ አይደለም። የደባርቅ ደጋ ያበቀለውና የደምቢያ ሜዳ ያበቀለው የፌኖል መጠናቸው ሊለያይ ይችላል። ማፍላት እንኳ አንድ አይደለም፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ በ100 ዲግሪ የተሠራን አሠራር "ለ10 ደቂቃ አፍላ" ብለን ብቻ ብንቀዳው የምናገኘው ጭማቂ ሌላ ነው።

እስከዚያው ድረስ በኢንተርኔትና በቴሌግራም "የብር ውሃ ለሁሉ በሽታ" እየተባለ የሚሸጠውን አለመጠጣት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የኮሎይድ ብር (የዚሁ የብር ውሃ) ምርቶች ደኅንነታቸውም ጠቃሚነታቸውም አልተረጋገጠም ብሎ ወስኗል። ለረጅም ጊዜ ብር የጠጣ ሰው ቆዳው ሰማያዊ ግራጫ ይሆናል፤ አርጂሪያ ይባላል፤ ቀለሙም በአብዛኛው ተመልሶ አይለቅም። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላይ መሞከርማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ለምን ጎንደር?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ነው። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር። ገና ከመነሻው የአካባቢውን በሽታ እንዲታገል የተተከለ ተቋም ማለት ነው።

ከበሽታዎቹ አንዱ ሌይሽማኒያ በሚባል ተህዋስ የሚመጣው ካላዛር ነው። ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ሌሊት ከዛፍ ሥር ሲተኙ በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ፤ ከወራት በኋላ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጣፊያቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው መንምኖ ጎንደር ይደርሳሉ። ለዚህ በሽታ ለዘመናት የተሰጠው መርፌ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው፤ መሠረቱ አንቲሞኒ የተባለ ብረት መሰል ንጥረ ነገር ነው። ልብንና ከጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊጎዳ ይችላል። ኤችአይቪ ላለባቸው ታማሚዎች ደግሞ አምቢዞም የተባለው መድኃኒት ይሰጣል። አምቢዞም ምንድነው? አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ኩላሊት ጎጂ መድኃኒት ከ100 ናኖ ሜትር በሚያንሱ የስብ ከረጢቶች ውስጥ ታሽጎ ነው። ታሽጎ ሲገባ የኩላሊት ጉዳቱ ይቀንሳል። ናኖ ሕክምና ለጎንደር ወደፊት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ የካላዛር ክፍል ውስጥ በጠርሙስ ተንጠልጥሎ በየጠብታው እየወረደ ነው። በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ የሕክምና ሙከራ አምቢዞምን ሚልቴፎሲን ከተባለው ሌላ መድኃኒት ጋር አጣምሮ መስጠት የተሻለ መሆኑን አሳይቶ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ላወጣው መመሪያ መሠረት ሆኗል። ከቢከሩ እስከ ታካሚው አልጋ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ ያልኩት ለዚህ ነው።

ለብሩ ቅንጣት ግን ከካላዛር ይልቅ የሚቀርበው እኅቱ ቁንጭር ይመስለኛል። ቁንጭር በደጋውና በወይና ደጋው፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ገደል አካባቢ የሚገኝ የቆዳ ሌይሽማኒያ ነው። ፊት ላይ ይወጣል፤ አፍንጫና ከንፈር ይበላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። አይገድልም፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ነው። ለሴት ልጅ ትዳር፣ ለተማሪ ወንበር የሚያሳጣ ጠባሳ ነው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ያንኑ አንቲሞኒ ቁስሉ ውስጥ በመርፌ መውጋት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ አፍንጫ ላይ መርፌ ሲገባ አንድ ሰው ጭንቅላቱን፣ ሌላው እጁን ይዞ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጁ ከበሩ አይገባም።

የሚቀባ መድኃኒት ቢኖርስ? ተህዋሱ የሚኖረው ማክሮፌጅ በሚባሉት ባዕድ ነገርን እየዋጡ በሚያስወግዱ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ነው። እነዚህ ሴሎች ደግሞ ናኖ ቅንጣትን ይውጣሉ። በደም ሥር ለሚሰጥ መድኃኒት እንቅፋት የሆነው ጠባይ እዚህ ላይ መልእክተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቅንጣቷ ተህዋሱ የተደበቀበት ቤት ድረስ ትወሰዳለች። በሌሎች አገሮች በተደረጉ የቤተ ሙከራ ጥናቶችም የብር ናኖ ቅንጣት ሌይሽማኒያን እንደሚጎዳ ታይቷል። ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር ወደ ደም የሚያስገባው ብር ትንሽ ስለሆነ የደኅንነት ጥያቄውም ይቀልላል። ቆዳው ቁስል ከሆነ ግን ብሩ በቀላሉ ስለሚሰርግ መለካቱ አይቀርም። የእኛን ቁንጭር የሚያመጣው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ በሌላው ዓለም ብዙም የማይገኝ ስለሆነ ይህን ጥናት የሚሠራልን ሌላ ማንም የለም። አምሳኛውን ቅጠል አፍልቶ ኢ.ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ላይ አምሳኛውን ቀለበት ከመለካት፣ አንዱን ቅጠል ይዞ እዚህ ተህዋስ ላይ አምስት ዓመት መቆየት ይሻላል ባይ ነኝ።

የእንዶድ ነገር

እንዲህ ያለ መንገድ የጀመረ ሰው ነበረን። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ነበር፤ ጣና ዳር፣ ጎርጎራና ደምቢያ ያለ ሰው ይህን በሽታ በሚገባ ያውቀዋል። እሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ አካባቢ የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው ዓይነት 44 የተባለውን መረጡ። እንግዲህ "እንዶድ" ብለው አልተዉትም፤ የትኛው እንዶድ የሚለውን መለሱ። ቢሆንም በአገር ውስጥ የተሠራው የመርዛማነት ፍተሻ በዓለም አቀፉ የቤተ ሙከራ ደንብ አልተሠራም ተብሎ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ እንዶድን አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለመግደል ለመጠቀም የፈጠራ መብት የተመዘገበው በአንድ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጥቷል። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከአገራችን ተክልና ዕውቀት የሚገኘው ጥቅም እንዲጋራ ያዛል፤ መድኃኒት ሆኖ ገበያ የሚወጣውን ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይገዛዋል። ሕጉ ግን የሚጠብቀው በወጉ የተመዘገበን ዕውቀት ነው። የተማሪው ደብተር ላይ "ዳማከሴ፣ ከገበያ የተገዛ" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የትኛው ዳማከሴ እንደሆነ ነገ እሱ ራሱ አያገኘውም። የተቆረጠበት ቀበሌ፣ ወሩ፣ ከፍታው፣ አበባ ይዞ እንደነበረ ወይም እንዳልያዘ፣ ያሳየችው እናት ለየትኛው ሕመም እንደምትጠቀምበት፣ በዕፅዋት ሙዚየም የተቀመጠው የደረቀ ናሙና ቁጥር፦ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። እስክሪብቶ ይበቃል፤ የሚጻፈውም ቅጠሉ ቢከር ውስጥ ሳይገባ፣ ገና እስሩ ሳይፈታ ነው።